ብዮቹ ለምን ተንሸራተቱ?



በ2017 ዓ.ል. የክረምት ወራት፣ በአንዱ ምሽት፣ የመግሪብን ሶላት ሰግጄ ወደ እህቴ ቤት ጎራ አልኩ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ በሬዲዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና ይዟል፤ በሌላው እጁ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ ሪያድ ውስጥ በሹፌርነት ለሚሠራው አባቱ የድምፅ መልእክት ይልካል። «አባዬ፣ ሰውየው አታሎሃል። የሸጠልህ ዕቃ የተበላሸ ነው። ሂድና ገንዘብህን አስመልስ!» ሲል ከደጃፉ ሆኜ ሰማሁት። ጫማዬን አውልቄ እስክገባ ድረስ መልእክቱ ባሕሩን ተሻግሯል።

«ማን ነው ያታለለው?» አልኩት።

«ባለ ሱቁ ነዋ! ተመልከተው አጎቴ፣ አትሄድም» ብሎ ሪሞቱን ሰጠኝ። መኪናዋን ወለሉ ላይ አስቀምጬ የፍጥነት ማዘዣውን ሳብ አደረግሁት። ሞተሩ በኃይል ጮኸ፤ ከኋላ በኩል የጫጩት ጩኸት የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ ግን እግሯ እንደታሰረ በግ ተንፏቀቀች።

እንዲህ ያለችው መኪና በየመንገዱ ዳር ከሚሸጡት መጫወቻዎች ጋር አንድ አይደለችም። የእውነተኛውን መኪና አንድ ዐሥረኛ የምታክል ስትሆን፣ ተፈታታ በየከረጢቱ ታሽጋ ትመጣለች፤ የሚገጣጥማት ገዢው ራሱ ነው። አባቱ ከደመወዙ ቆጥቦ ገዝቶ፣ ከዒድ አል-አድሐ በኋላ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከለት። ልጁ ከሳምንት በላይ ፈጅቶ ገጣጠማት። መመሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር የማንበቡ ድርሻ የእኔ ሆነ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የታመመው ክፍል ዲፈረንሻሉ መሆኑን ድምፁ ነገረን። ነገሩ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚያጋጥም ባይሆንም፣ መኪና ለሚወዱ ወጣቶቻችን ጥሩ ትምህርት አለውና በዝርዝር ላውጋችሁ።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ያለው የቤት መኪና ግማሽ ክብ ዞሮ ፊቱን ቢመልስ፣ የውጩ ጎማ ከውስጡ 4.7 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ዙሩ ጠባብም ይሁን ሰፊ ልዩነቱ ያው ነው። (ይህን ተማሪዎቼ በመጀመሪያ አያምኑኝም። 1.5ን በ3.14 ስታባዙት ታገኙታላችሁ።) በልጁ መኪና ላይ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 63 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ብረት ቢያያዙ፣ አንደኛው የግድ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል፤ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለሁለቱም እያካፈለ አንዱ ከሌላው ፈጥኖ እንዲዞር የሚፈቅድ መሣሪያ ነው። ለተሽከርካሪ የሚሆነውን ዲፈረንሻል እ.ኤ.አ. በ1827 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር።

በምንሳፈርባቸው ታክሲዎችና አውቶቡሶች ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል ጥርስ ከጥርስ የሚነካከስበት ነው። የልጁ መኪና ግን ባለ ብይ ናት። በውስጧ ከፕላስቲክ የተሠራ ኮሮና አለ። ኮሮናው ዙሪያውን ተበስቶ በየቀዳዳው አንዳንድ የብረት ብይ ተቀምጦበታል፤ በእኛዋ መኪና 14 ናቸው። የአንዱ ብይ ውፍረት 2.4 ሚ.ሜ. ያህል ነው፤ ከጤፍ ይበልጣል፣ ከምስር ያንሳል። ከኮሮናው ግራና ቀኝ ኩባያ የሚመስሉ ሁለት ማያያዣዎች አሉ፤ የጎማዎቹ ሰሚያሶች የሚገቡት በእነዚህ ኩባያዎች ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ኩባያ ፊት ላይ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት ይቀመጣል፤ ሁለቱ ቀለበቶች ብዮቹን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከላይና ከታች ይዘው ይጨምቃሉ። መጭመቂያው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ቀጭን ቡሎን ነው። በጫፉ ዳዶና ሞላ አለው፤ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ሞላው ይጨመቃል፣ ቀለበቶቹም ብዮቹን ይጫናሉ።

አሁን ልብ በሉ፤ በቀለበቱና በብዩ መካከል ምንም ጥርስ የለም። ኮሮናው ሲዞር ብዮቹን ይዞ ይዞራል፤ ብዮቹ ቀለበቶቹን የሚጎትቱት በመያያዝ ኃይል ብቻ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ብዮቹ በየቀዳዳቸው ውስጥ ጸጥ ይላሉ። ስትታጠፍ ግን እያንዳንዱ ብይ ባለበት ይሽከረከርና አንዱን ቀለበት ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ይገፋል። ኮሮናውን ይዛችሁ የቀኙን ጎማ ወደፊት ብታዞሩት፣ ግራው ያንኑ ያህል ወደኋላ ይዞራል።

ልጁ አንድ ብልህ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፤ ሁለቱ ኩባያዎች በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ከሆነ፣ አጣብቆ የያዛቸው ቡሎን አብሮ እየዞረ አይፈታም ወይ? መልሱ ከቡሎኑ ራስ ሥር የምትቀመጠው ትንሽ ኩሽኔታ ናት። በሁለት ራንዴላዎች መካከል የተደረደሩ ደቃቅ ብዮች አሏት። ሥራዋ የቡሎኑን ጭነት እንደተሸከመች ኩባያው እንዲዞር መልቀቅ ነው። ከመኪናዋ ሁሉ ትንሿ፣ ግን ከሁሉም በላይ የምትበደለው እርሷ ናት።

ሕመሙ እንዴት ጀመረ?

በመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ተንሸራተተች። ልጁ ማንኛችንም የምናደርገውን አደረገ፤ አጠበቀ። ለአምስት ደቂቃ ደህና ሄደች፤ እንደገና ተንሸራተተች። እንደገና አጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ጎማዎቹን በእጁ ሲያዞር አሸዋ የገባበት ወፍጮ የመሰለ ነገር ይሰማው ጀመር። በአራተኛው ቀን ደግሞ አጥብቆ የሄደው ቡሎን በራሱ ጊዜ ላልቶ አገኘው። ባለ ሱቁን ሌባ ያለው ያን ዕለት ማታ ነው።

ሦስቱ ምልክቶች ማለትም መንሸራተት፣ መሻከርና በራስ መፍታት፣ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ። ሆኖም አንዱ ሌላውን ሊወልድ እንደሚችል አሁን አውቃለሁ። የሚንሸራተት ዲፈረንሻል በግጭት ይግላል፤ ሙቀቱ ሲበዛ የፕላስቲኩን ኮሮና ያቀልጠዋል። በኃይል የጠበቀ ዲፈረንሻል ደግሞ ብዮቹ ቀለበቱን እየተጫኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይቆፍሩበታል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ብይ ጉድጓድ በተሻገረ ቁጥር እጅ ላይ ይቆረቁራል። ጭነቱ ሲበዛባት ትንሿ ኩሽኔታ ትያዝና ቡሎኑ ከኩባያው ጋር መዞር ይጀምራል፤ እየዞረም ይፈታል።

ከመፍታታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማረጋገጥ ነበረብን። መኪናዋ ፍሪሲዮንም አላት። ፍሪሲዮኑ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲንሸራተት የተሠራ ነው፤ ሞተሩ በድንገት ሲስብ ጥርሶቹን ከመሰበር ያድናቸዋል። ስለዚህ የሚንሸራተተው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ዲፈረንሻል መፍታት ራስ ለታመመ ሰው የሆድ መድኃኒት እንደመስጠት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከፒኞው ጋር የሚነካከሰውን ትልቁን ጥርስና አንደኛውን የኋላ ጎማ በአንድ እጅ ጨምድዶ መያዝ፣ ከዚያም ሌላኛውን ጎማ ለማዞር መሞከር ነው። ዲፈረንሻሉ ደህና ከሆነ ጎማው እጅግ ከባድ ይሆናል። የእኛው በሁለት ጣት ዞረ፤ በዚያ ሁሉ ማጥበቅ ላይ ማለት ነው! እንግዲህ ፍሪሲዮኑ ነጻ ወጣ።

ትሪው ላይ

በማግስቱ ከዙህር በኋላ ቢስሚላህ ብለን ፈታነው። እህቴ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የቡና ትሪ ሰጠችን። ነጭ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ዳር ያለው ትሪም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብይ ይሸሻል። አንዱ ገና ስንከፍት ከትሪው ዘሎ ወጣና 13 ቀሩ።

ስለዚያች አንዲት ብይ ብዙ ተንከራተትን። ልጁ ሶማሌ ተራ ሄደን ከኩሽኔታ ነጋዴዎች እንፈልግ አለኝ፤ ሄድን። አንድ ነጋዴ ከትንሽ አሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ አውጥቶ ሰጠን፤ ዐይን ብቻ ቢሆን ልክ ናት ያሰኛል። በመለኪያ ስንለካት ግን 2.5 ሚ.ሜ. ሆነች። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ከመካከላቸው አንዷ ከተወፈረች ቀለበቱ በእርሷ ላይ ብቻ ያርፍና በአቅራቢያዋ ያሉት ጭነት ያጣሉ። ብይ ሲቀየርም ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጥቅል መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በመጨረሻ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ያወጣነውን ማግኔት በክር አንጠልጥለን ከቁም ሳጥኑ ሥር ስንጎትት፣ ብይዋ ከሁለት የስፌት መርፌዎችና ከአንድ የጠፋ ቁልፍ ጋር ወጣች። ለመርፌዎቹ እህቴ አመሰገነችን።

ቀለበቶቹ ላይ ክብ መስመርና በመስመሩ ላይ ነጠብጣቦች ታይተዋል። ኮሮናው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልቀለጠም። ከትንሿ ኩሽኔታ ራንዴላዎች አንደኛዋ ተገልብጣ ነበር፤ ጎድጎድ ያለው ፊቷ ወደ ብዮቹ መሆን ሲገባው ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። ይህ የልጁ ስሕተት ነበርና በጸጥታ ተቀበለ። ነገር ግን የተገለበጠች ራንዴላ ቡሎኑ ለምን እንደተፈታ እንጂ መኪናዋ ከመጀመሪያው ቀን ለምን እንደተንሸራተተች አትነግረንም።

መስጂዳችን አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ ውስጥ የኖሩ አንድ ሐጂ አሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ ቀለበቶቹንና ኮሮናውን በመሐረብ ቋጥሬ ወሰድኩላቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ዲፈረንሻል አይተው እንደማያውቁ ነግረውኝ ሳቁ። ከዚያ ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አነሡ። ጥቁር ቅባት ነበረበት።

«ይህ ግራሶ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ብዮቹ እንዲለሰልሱ ነው፣ ሐጂ።»

«የሚጎትተው በመያያዝ ነው አላልከኝም?»

«አዎን።»

«ታዲያ ልጄ፣ የፍሪሲዮን ሸራ ግራሶ ይቀባል እንዴ?»

ወደ ቤት ተመልሼ መመሪያውን ገለጥኩ። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች መጥተው ነበር። አንደኛው ውኃ የመሰለ የሲሊኮን ቅባት ነው፤ ለብዮቹና ለቀለበቶቹ የተሰጠ። ይህ ቅባት ብረቱ እንዳይበላ ይጠብቃል እንጂ መያያዙን አያጠፋም። ሁለተኛው ጥቁር ግራሶ ነው፤ ብዙ ጭነት ላለባት ለትንሿ ኩሽኔታ ብቻ የሚሆን። መመሪያው በሥዕል ሳይቀር ለይቶ አሳይቷል። እኛ አገላብጠን ቀብተናቸዋል።

እኛ ማለቴ ይቅር። ያን ዕለት ምሽት ለዒሻ አዛን ሊባል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ልጁ ሁለቱን ቱቦዎች ይዞ «ለብዮቹ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ገጹን ሳልገልጥ «ጥቁሩ፤ ጥቁሩ ጠንካራ ነው» አልኩት። አስተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ልጁም አመነኝ። ተማሪዬ መመሪያ ሳያነብ መልስ ቢሰጥ ማርክ የምቀንስ ሰው ነኝ።

ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ትሪውን ተመለከተ። ከዚያ «አባዬ ሱቁ ሄዶ ከሆነስ?» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ። አባቱ መንገድ ላይ ነበር መሰለኝ ስልኩን አላነሣም። ልጁ እኔ ልናገር ሲል ከለከልኩትና መልእክቱን በራሴ ድምፅ ላክሁ፤ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ወደ ሱቁ ሄዶ ከሆነም ሰውየውን ይቅርታ እንዲጠይቅልኝ። አንድን ሰው በሌለበት አታላይ ማለት፣ ያውም ሳያጣሩ፣ በዲናችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም። ልጁ ያን ሌሊት በደንብ አልተኛም፤ እህቴ ናት የነገረችኝ።

ጥገናው

መልሱን እየጠበቅን እጃችንን አላጠፍንም። ሁሉንም ክፍል በአልኮል አጠብን። (አልኮል ያልኩት ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል ማጽጃ ነውና አትደንግጡ።) ጥቁሩ ግራሶ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ በተለይ በኮሮናው ቀዳዳዎች ውስጥ ይደበቃል፤ በጥርስ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥመን አንድ በአንድ አወጣነው።

ቀለበቶቹን ገለበጥናቸው። ያልተነካው ፊታቸው ገና አዲስ ነው፤ ይህ በዚህ ሥራ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን አዲስ ፊት እንደ መስተዋት ስለሚያንሸራትት ትንሽ መሻከር አለበት። 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በመስኮት መስተዋት ላይ አንጥፈን፣ ቀለበቱን በጣት ጫፍ ተጭነን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አመላለስነው። መስተዋት የተፈለገበት ምክንያት ፍጹም ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተፋቀ ቀለበት የጠረጴዛውን ጉብታ ይወርሳል።

ልጁ ሲፍቅ እኔ ስለ አል-ጀዘሪ አወራሁት። ይህ ታላቅ ሙስሊም መሐንዲስ በዲያርበክር ከተማ ለአርቱቂድ ገዢዎች ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ ስለ ረቂቅ መሣሪያዎች አሠራር የጻፈውን መጽሐፍ በ602 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1206) አጠናቀቀ። የውኃ ሰዓቶቹና ማጠቢያዎቹ በሥዕል ስለሚታወቁ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የውኃ መዝጊያ ሲሠራ መዝጊያውንና መቀመጫውን በመፋቂያ ዱቄት አንዱን ከሌላው ጋር እያፋተገ ውኃ እስከማያሳልፉ ድረስ ያገጣጥማቸው ነበር፤ ይህንንም ሌላ ሰው ሠርቶ እንዲደግመው በጽሑፍ አስፍሮታል። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በመስኮት መስተዋት ላይ የሚሠራው የዚያው ሥራ ዘመድ ነው። ልጁ «እርሱ መመሪያውን ሳይገልጥ አይመልስም ነበር ማለት ነው» አለኝ። ይገባኛል።

ከዚያ ገጠምን። ጥርት ያለውን ሲሊኮን በጣም በስሱ ለቀለበቶቹና ለብዮቹ፤ ጥቁሩን ለትንሿ ኩሽኔታ በልግስና። የራንዴላዎቹ ጎድጓዳ ፊት ወደ ብዮቹ። የዳዶው ሁለት ጆሮዎች በኩባያው ውስጥ ባሉት ስንጥቆች ልክ መግባታቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልገቡ ዳዶው ይዞራል እንጂ አይጠብቅም።

ማጥበቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይጠበቅም። ጥቂት አጥብቆ ኩባያዎቹን ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ እንደገና ጥቂት ማጥበቅ፣ እንደገና ማዞር፤ እንዲህ ሲደረግ ቀለበቶቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። በእኛዋ መኪና መመሪያ መሠረት ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ቆም ብሎ ቡሎኑን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ መልሶ ማላላት ነው። የሌላ ፋብሪካ መኪና ያለው ሰው የራሱን መመሪያ ያንብብ፤ ሁሉም አንድ አይደሉም። (እንዲያነብለትም እኔን አይጥራ።)

ወዲያው በሙሉ ኃይል መንዳትም አይገባም። አንደኛውን ጎማ ይዞ ሞተሩን በዝቅተኛ ኃይል ለግማሽ ደቂቃ ማስኬድ፣ ከዚያም በሌላው ጎማ መድገም፣ ብዮቹ በቀለበቱ ላይ መንገዳቸውን እንዲያበጁ ይረዳል። ይህን ስታደርጉ የሹራብ እጅጌና ጣት ከሚዞረው ነገር ይራቅ፤ የዘመኑ ሞተሮች ቀልድ አያውቁም። ቀጥሎ የቀድሞውን ፈተና መድገም ነው። ትልቁን ጥርስና አንዱን ጎማ ይዤ ሌላውን ለማዞር ሞከርኩ፤ በሁለት እጄም ብታገል እምቢ አለ። ኮሮናውን ለቅቄ አንዱን ጎማ ሳዞር ግን ሌላው እንደ ቅቤ ለስልሶ ወደኋላ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ትቆረቁራለች።

የቀረው ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ ቀድሞ መንሸራተት አለበት፤ አለበለዚያ ድንገተኛው ጭነት ሁሉ ብዮቹ ላይ ያርፋል። መኪናዋ ከቆመችበት በሙሉ ኃይል ስትነሣ ፍሪሲዮኑ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ድረስ ሲያንሸራትት እንዲሰማ አድርገን አስተካከልነው።

የሪያዱ መልእክት

የአባቱ መልስ የመጣው ዓርብ ማታ ነው። ሦስታችንም ተሰብስበን ሰማነው። የልጁ መልእክት በደረሰው ማግስት፣ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ፣ ወደ ሱቁ ሄዶ ነበር። ሻጩ እንደ እርሱ ከሌላ አገር መጥቶ በደመወዝ የሚያገለግል ወጣት ነው። ደንበኞች ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮታል፤ ወጣቱም ዕቃውን ካመጣህ አሠሪዬን አናግሬ እለውጥልሃለሁ ብሎ ሲለምነው ጥሎት ወጥቷል። የእኔን መልእክት የሰማው ከሱቁ ከወጣ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ነው።

በዓርብ ዕለት ከዐስር በኋላ ተመልሶ ሄደ። ሐሙስ ዕለት የሰሙት ደንበኞች ዛሬ የሉም፤ ስለዚህ የሱቁ ባለቤት እስኪመጣ ጠብቆ በባለቤቱ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ወጣቱ የትኛው ግራሶ እንደተቀባ ከጠየቀው በኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር ይላል አባትየው። «የልጁ አጎት አስተማሪ ነው አልኩት፤ ይባስ ሳቀ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጁን በስሙ ጠራውና፣ እኔም ደውዬ ሳልጠይቅህ ነው የሄድኩት፣ አለው።

ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ምን ብሎ እንደመለሰለት አልሰማሁም።

እሑድ ዝናቡ ጋብ ሲል የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነዳት። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋ ከብስክሌት ትቀድማለች አትቀድምም በሚል በብር ሊወራረዱ ሲሉ ቁማር መሆኑን ነግሬ አስቆምኳቸው፤ ያለ ውርርድ ሮጡ፣ ብስክሌቱም ቀደመ። ከሦስተኛው ሩጫ በኋላ በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ቡሎኑን ፈተሽነው፤ ንቅንቅ አላለም። ያቺ የምትቆረቁረው ቦታ ግን አሁንም አለች። አዲስ ቀለበቶች ከሪያድ በሰው እጅ ይመጣሉ፤ ከዚያው ሱቅ።